ዝንብ የማያርፍበት ግድግዳ

ጨፌ ወደብ፣ የካቲት 21 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ወለተሥላሴ
አሰብ

የአሰብ ፀሐይ ሳይከፋብዎ፣ የባሕሩ ንፋስ ሳይገፋዎት፣ እርስዎም ባለቤትዎ ጋሼ ገሠሠም በጤና እንደምትገኙ ተስፋችን ነው። እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። የምጽፈው ሙሉብርሃን ነኝ፣ የተሻለች ልጅ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። «የአክስቴ ልጅ ብቻ አይደለሽም፣ ወንጂ ሸንኮራ ስንቆርጥ ከራስሽ ሳህን እያጎረስሽ ያሳደግሽኝ ነሽ ብለሽ ጀምሪ» ስላለችኝ በዚሁ ጀምሬያለሁ።

እኅቴ፣ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሆኜ ተመርጫለሁ። ዘንድሮ ሐይቁ ወደ ኋላ ሸሽቶ ወደባችን በደለል ስለተደፈነ ጀልባዎቹ መጠጋት አቅቷቸው ነበር። ዓሣውም ዳር ዳሩን ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ ሽታው አያስቀምጥም። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወዬሳ «ወደባችንን በገዛ ክንዳችን እናጸዳለን» ብሎ እሑድ እሑድ ሕዝቡን አስወጣ። ወንዱ ይቆፍራል፣ ሴቱ በቅርጫት ይሸከማል። ጭቃው ገደል ሊጣል ሲል ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ጥቁር ነው፣ እንደ ቅቤ የላመ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቅ። አንቺ ታውቂያለሽ፣ የምርጊት ጭቃ ከጭድ ጋር ተረግጦ እስኪሸት ካልቦካ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ይህን ግን ሐይቁ ራሱ አቡክቶ ነው ያቆየልን። ስለዚህ አዲሱን የሕፃናት ማዋያ በዚሁ መረግነው። ሴቱ ሁሉ በዘፈን ረገጠው። በተረፈውም ቤቴን ከነመደቡ መረግሁ።

ማዋያው ሚያዝያ 23፣ በወዛደሮች ቀን ይመረቃል። አሰብ ጥሩ ጨርቅ አይጠፋምና ለመስኮቶቹ መጋረጃ የሚሆን ላኪልኝ። አበባ ያለበት ይሁን። ቀይ አይሁን፤ ቀይ እዚህ ሞልቷል።

እትዬ፣ ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው። እናቴ ለስብሰባ ወጥታለች። ማንበብ ትችላለች፣ ግን ዓይኗ ስለደከመ ፊደሉ ይደባለቅባታል። እርስዎን ያየሁዎት ሕፃን ሳለሁ ስለሆነ መልክዎን አላስታውስም። ለዚህ ይሆናል ለእርስዎ መጻፍ የማያሳፍረኝ። ሰው ፊት ስቆም ጉሮሮዬ ይዘጋል። ከአምስተኛ ክፍል የቀረሁትም በዚሁ ነው፤ አስተማሪው ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅሁት ዝም እላለሁ።

ወንድሜ ካሣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። አባቴ በሞተ በወሩ ስለተወለደ ነው እናቴ ካሣ ያለችው። አንድ ልማድ አለው፣ አፈር ይበላል። የመደቡን ጠርዝ በጥፍሩ ፈርፍሮ እንደ ቆሎ ይቆረጥመዋል። እናቴ «ሲያድግ ይተወዋል» ትላለች።

ሌላም ነገር አለ። አዲሱ ግድግዳችን ላይ ዝንብ አያርፍም። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳየው ግን አንዱ ዝንብ አርፎ ነበር። ተነስቶ አልበረረም፣ ወደቀ። ለማን እንደምነግር ስላጣሁ ነው ለእርስዎ የጻፍኩት።

አክባሪዎ ሙሉብርሃን


አሰብ፣ መጋቢት 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተሻለችና ለልጄ ለሙሉብርሃን

እግዚአብሔር ጥላውን አይንፈጋችሁ፤ እዚህ ጥላ ከውሃ ይወደዳል። ደብዳቤያችሁን ከናዝሬት አሰብ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ሾፌር ሰጥቶኛል። ይኸው በራሴ እጅ መልሻለሁ። መሠረተ ትምህርት በስተርጅና አስተማረኝ፣ መስመሬ ቢጣመም እንዳትስቁ።

እንዴ ተሻለች! ሁለት ግንድ ተክላችሁ ታንኳ ስላሰራችሁበት ወደብ አለን ልትሉ ነው? እዚህ አንዱ መርከብ ብቻ ከመቂ ገበያ ይበልጣል። ሊቀመንበር መሆንሽ ግን አኮራኝ። ወንጂ የሥራ አለቃው፣ ካቦው፣ ሲጠራሽ ከኋላዬ ትደበቂ የነበርሽው ልጅ ዛሬ አንቺ ሰው ትጠሪያለሽ።

መጋረጃውን ገዝቻለሁ። ሰማያዊ ነው፣ ነጭ አበባ አለበት። ሾፌሩ ናዝሬት አውርዶ በመቂ ሰው ይልክላችኋል። እኔ ደግሞ ቅቤ ናፍቆኛል። ላምሽ ስትወልድ በጠርሙስ አድርገሽ አትረሺኝ።

ሙሉዬ፣ ይህቺን ለብቻሽ አንብቢያት። ወደባችሁ ላይ ምን ይራገፋል? ማን ምን ያጥብበታል? የዝንቡ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። ለገሠሠ ነገርኩት፣ ዝም አለ። ገሠሠ ወሬኛ ሰው ነው፣ ዝም ሲል አልወድም። ቶሎ ጻፊልኝ።

ወለተሥላሴ


ጨፌ ወደብ፣ መጋቢት 28 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ወለተሥላሴ

ጥላ አይንሳችሁ ብለው ለላኩልን ምርቃት፣ ለእርስዎም ቀዝቃዛ ውሃና ጥሩ ጎረቤት አይታጣ። መጋረጃው ደርሷል። እናቴ መጀመሪያ ትከሻዋ ላይ አድርጋ በግቢው ዞረችበት። «ብያለሁ፣ ወለተሥላሴ ዓይን አላት» አለች። ቅቤውን ላሚቱ ስትወልድ እንልካለን።

ዛሬ የእናቴን ቃል አልጽፍም፤ እሷ በየቤቱ እየተጠራች ጊዜ የላትም። ምክንያቱን ልንገርዎ። ከተመረገ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ቁንጫ የለም። ትኋንም የለም። የማዋያው ግድግዳም እንደዚያው ነው። ይህ ሲሰማ ሁሉም ቤቱን መምረግ ጀመረ። ያ ሁሉ ሰው እሑድ እሑድ እያማረረ የሚወጣ የነበረው፣ አሁን ሳይጠራ በሥራ ቀን ይቆፍራል። ጓድ ወዬሳ «እንዲህ የነቃ ሕዝብ አይቼ አላውቅም» ብሎ ለበላይ ሪፖርት አደረገ። ወደቡ ጸድቷል እትዬ፤ ጀልባዎቹ እስከ ዳር ይደርሳሉ። ከታች የነበረው ጭቃ ግን አሁን ያለው እኛ ጋ ነው።

ጎረቤታችን ሀጂራ ትናንት ለእናቴ ምስጋና ይዛ መጣች። ሴቶች ተሰብስበው ነበር።

«ተሻለች፣ ባሌን ባገባሁ ሌሊት እንኳ እንደ ትናንቱ ተኝቼ አላውቅም» አለች።

«ያን ሌሊት ያላስተኛሽ ቁንጫ ነበር?» አለቻት እናቴ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። የግድግዳው ሽታ ዓይኔን አስለቀሰኝ።

የጠየቁኝን ልመልስ። ከሐይቁ ማዶ ያለ እርሻ በአውሮፕላን ጥጥ ላይ የሚረጨውን የተባይ መርዝ የሚያሻግረው በእኛ ወደብ ነው። በርሜሎቹ ባዶ ሲሆኑ መልሰው እዚያው ያጥቧቸዋል። ተቀዶ የሰመጠም አለ፤ ሲቆፈር ዝገቱ ወጥቷል። ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ግን «ውሃ ያጠበውን ምን ነውር ይነካዋል» ይላሉ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር።

ባለፈው ሰኞ አውራ ዶሯችን ከግድግዳው ሥር ሲጭር አየሁት። ድንገት አንገቱ ተጠመዘዘ። አፉ አረፋ ደፈቀ፣ ክንፉን እያርገበገበ በቦታው ዞረና ወደቀ። ጫጩቶቹ ተከተሉት። እናቴ «ፈንግል ነው» ብላ ጣለቻቸው። ፈንግል ቢሆን የሀጂራ ዶሮዎችም ቀድመው ይሞቱ ነበር። የሀጂራ ዶሮዎች የሞቱት ግን ቤቷን ከመረገች በኋላ ነው።

ጭቃውን ከሁሉ በላይ የረገጠችው እናቴ ናት። እግሯን ጉንዳን የወረረው ይመስላታል። «በየስብሰባው መቆም ነው» ትላለች። ሌሊት ሌሊት ግን ስታሸው እሰማለሁ። ካሣም አልተወም። ባየሁት ቁጥር ከአፉ አስወጣለሁ። ዞር ስል ይመለሳል። እባክዎ ምን እንደማደርግ ይንገሩኝ። እስከ ምረቃው አንድ ወር እንኳ አልቀረም፤ ከዚያ በኋላ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ቀኑን እዚያ ግድግዳ ሥር ሊውል ነው።

አክባሪዎ ሙሉብርሃን


አሰብ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

ሙሉብርሃን ልጄ

ሰላምታው ለሌላ ቀን ይቆየኝ። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ለእናትሽ አንብቢላት።

ተሻለች፣ ስሚኝ። ዓምና እዚህም ትንንሽ ጀልባ የሚቆምበትን ጥግ ሕዝቡ እንዲያጸዳ ተጠርተን ወጥተን ነበር። ቦት ጫማና የላስቲክ ጓንት አደሉን። እኛ ሳቅን። «ለእኛ እግር ማን አስቦ ያውቃል? መቼም አንድ ነገር ቢኖር ነው» አልን፤ ብለንም ሥራችንን ቀጠልን። ጭቃው ክዳን ባለው በርሜል ገብቶ ታሽጎ ተወሰደ። ገሠሠ ሙቀቱ አስቸግሮት አንድ ቀን ጓንቱን አውልቆ በባዶ እጁ ሠራ። መዳፉ እንደ ተቀቀለ ድንች ተላጠ። ቁስሉ እስኪድን እንደ ሕፃን እያጎረስኩት ከረምን። ያ የመርከብ ዘይት የነካው ጭቃ ነበር። የእናንተው እኮ መርዝ የጠጣ ነው።

ዝንብ የሸሸውን አንቺ ለምን ታቅፊዋለሽ? ቁንጫን የገደለ ነገር ከቁንጫ ትንሽ ለሚበልጥ ልጅ ያዝናል? ካሣን ዛሬውኑ ከዚያ ቤት አውጪው። በረት ይደር፣ ዛፍ ሥር ይደር። የማዋያውን ግድግዳ አፍርሺው። ኩራትሽን አውቀዋለሁ፣ እኔው ነኝ ያሳደግሁት። ታላቅሽ ነኝ፣ አዝዤሻለሁ።

ለሾፌሩ በአላህም በማርያምም አስምዬ ነው የሰጠሁት።

ወለተሥላሴ


ናዝሬት፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1975 ዓ.ም.

እትዬ ወለተሥላሴ

የምጽፈው ከሆስፒታል ኮሪደር ነው። ካሣ ውስጥ ነው። እናቴ ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣለች።

ደብዳቤዎ የደረሰን ሚያዝያ 18 ነው። መኪናው ሚሌ ላይ ተበላሽቶ ቆሞ ነበር አሉ። ሲመጣ እናቴ ከሴቶቹ ጋር ማዋያው ግቢ መጋረጃውን ስትሰቅል ነበር። ምስጋናና ምርቃት መስሏት «እዚሁ አንብቢው፣ ሁሉም ይስማ» አለችኝ። እኔ ደግሞ የመጀመሪያውን መስመር አይቼ ደርቄ ቀረሁ።

«ጮክ በይ እንጂ ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ጉሮሮሽ ውስጥ ድመት ተኝታለች?» አለችኝ ሀጂራ።

እስከ መጨረሻው አነበብኩት። መጀመሪያ የሳቀችው መሰለች የምትባለው የማኅበሩ አባል ናት፣ መዶሻ እንደያዘች።

«አሰብ አሸዋ እንጂ ጭቃ አለ እንዴ? ይልቅ መጋረጃ ትላክ፣ ጭቃውን ለእኛ ትተው።»

«እሷን እንኳ ተያት፣ ጭቃ ታውቃለች» አለች እናቴ። ግን ፊቷ ጠቁሯል። «እሷ የምትለው የመርከብ ጭቃ ነው። የእኛ የሐይቅ ነው። ከአምስት ቀን በኋላ እንግዶች ይመጣሉ፤ ምን ልበላቸው? አፈረስኩት ልበላቸው?»

የዶሮዎቹን ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። መልሼ ዘጋሁት።

በማግስቱ ጠዋት ውሃ ቀድቼ ስመለስ ካሣ መደቡ ሥር ወድቋል። ለሀጩ በደረቱ ላይ ይወርዳል። እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ስጠራው ወደ እኔ ያያል እንጂ አያየኝም። እንደ አውራ ዶሮው ነው የሆነው እትዬ። ቁርጥ እንደ አውራ ዶሮው። እንስራው ከጀርባዬ ወድቆ ሲሰበር ሌላ ሰው የሰበረው መሰለኝ።

እናቴ በባዶ እግሯ እስከ መንገድ ሮጠች። ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ የሚሄድ መኪና አስቁመን ከጆንያው ላይ ወጣን። ዓለም ጤና ከተማ ስንደርስ ትንፋሹ ጠፋብን። እናቴ አገላብጣ ጀርባውን መታችው፣ መለሰልን። ከዚያ እስከ ናዝሬት ጀርባውን እያሸች ሄደች።

ሐኪሙ «ምን በላ?» አላት።

«እንጀራ በወተት» አለች።

የካሣ ቡጢ እንደተጨበጠ ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። የግድግዳችን ስባሪ ነበር የያዘው፣ በምራቁ የረጠበ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ሐኪሙ አንስቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ወዲያው ጣለው። መርፌ እንዲመጣ በጩኸት አዘዘና ሄዶ እጁን በሳሙና ታጠበ። ጨርሶ አደረቀው። ከዚያ እንደገና ታጠበ።

እትዬ፣ እናቴ ያን ጊዜ የገዛ እግሯን አየችው። አንገቷን ደፍታ አየችው፣ እስከ ጉልበቷ። እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም።

«ይህን ከየት አመጣችሁት?» አላት ሐኪሙ።

«ከቤቴ ነው።»

«ቤትሽ ውስጥ የት ነው ያለው?»

«ቤቴ ራሱ ነው» አለችው።

ሐኪሙ ሌሎቹም እንዲወጡ፣ የሚያፈርስም ሰው እጅና እግሩን ሳይሸፍን እንዳይነካው ነገረን። እናቴ አሁን ልትሄድ ተነስታለች። ምረቃው ነገ ወዲያ ነው። እኔ ከካሣ ጋር እቆያለሁ። ዛሬን ያድርልን እንደሆነ ነው የምናየው ብለውናል። ከእርስዎ የምንፈልገው ጸሎት ብቻ ነው።

ሙሉብርሃን


አሰብ፣ ግንቦት 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ሙሉዬ

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ምግብ አልወረደልኝም። ገሠሠ ማታ ማታ ከሾፌሮቹ ማረፊያ ይቀመጣል፣ ከናዝሬት የመጣ ሁሉ «ሆስፒታል ስለተኛ ሕፃን የሰማኸው ወሬ አለ?» እያለ ይጠይቃል። ሰዎች እንዳበደ ያዩታል።

ረጅም አትጻፊ። ካሣ አለ ወይስ የለም፤ ይህቺን ብቻ ጻፊልኝ። የምትጽፊው ክፉም ቢሆን ጻፊው።

ወለተሥላሴ


ጨፌ ወደብ፣ ሰኔ 27 ቀን 1975 ዓ.ም.

እትዬ ወለተሥላሴ

ካሣ አለ።

ያስጨነቅሁዎትን አምላክ በዕድሜ ይካስዎ። የዘገየሁት ረስቼዎት አይደለም፤ ደብዳቤዎ የደረሰን ዝናብ ከጀመረ በኋላ ነው። ደግሞም ከዚህ በታች የሚያነቡትን ለማንም መንገር ስለማልችልና መጻፉም ስላስፈራኝ ነው። አንብበው ሲጨርሱ እባክዎ ያቃጥሉት።

ካሣ ከሆስፒታል የወጣው በሳምንቱ ነው። እኔ ያልነበርኩበትን ሀጂራ ናት የነገረችኝ። እናቴ ከናዝሬት ስትመለስ ወደ ቤት አልሄደችም። በቀጥታ ወደ ማዋያው ሄዳ እግሯንና እጇን በላስቲክ ጠቀለለች፣ ዶማ አነሳች፣ የፊተኛውን ግድግዳ መታችው። ሴቶቹ እየጮኹ መጡ።

«ያስረገጥኳችሁ እኔ ነኝ» አለቻቸው። «ልጄ ሊሞትብኝ ነው። ሳይሞቱባችሁ ልጆቻችሁን ከየቤቱ አውጡ።»

መሰለች ልትይዛት ሞከረች። ሀጂራ ግን የሞቱ ዶሮዎቿን አስባ ይሆን፣ ሄዳ ሌላ ዶማ ይዛ መጣች። ከዚያ ሁሉም። የምረቃው ዕለት ከመቂ የመጡት እንግዶች ያገኙት ማገሩ እንደ ጎድን አጥንት የተራቆተ ቤት ነው። ጓድ ወዬሳ ላቡ እየተንጠባጠበ «ጓዶች፣ ምረቃው ለጊዜው ተላልፏል» አላቸው። የጭቃውንም ነገር ለበላይ አመለከተ። መልስ እስካሁን አልመጣም።

ጭቃውን ወደ ሐይቁ መመለስ አይሆንም። ስለዚህ ሕዝቡ እንደገና ወጣ። ከውሃው ርቆ፣ ከግራሮቹ በላይ ባለው ደረቅ ጉብታ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ። የየቤቱ ምርጊት ተጭኖ እዚያ ተቀበረ። ማዋያውም ቤቶቹም በቀይ አፈር ተመረጉ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አለቀ ብዬ።

ዝናብ ሲጀምር ቁንጫው ተመለሰ። ትኋኑም። ልጆች እያከኩ አደሩ። ሰው መሳደብ ጀመረ።

«መጀመሪያ ተሸከሙ አልሽ፣ ቀጥሎ ቅበሩ አልሽ፣ ነገ ደግሞ ብሉት ትይናለሽ?» አለቻት መሰለች በገበያ መሐል።

ወሬው መቂ ደርሶ መርዳሳ የሚባል የሽንኩርት ደላላ መኪና ይዞ መጣ። «ቁንጫ የሌለበት አገር ካለ አሳዩኝና ልተወው» አለ። ጭቃውን በጆንያ ሊገዛ፣ እስከ አርሲ ነገሌ ወስዶ ሊሸጥ ነው። እናቴ ጉድጓዱ ላይ ቆማ ለመነች። በትከሻቸው ገፍተው አለፏት። ልጃቸው ያልታመመባቸው ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። ግን ያ ጭቃ በየአገሩ መደብ ሊሆን፣ በየመደቡም አንድ ካሣ ሊኖር ነው። ያን ቀን ጥቂት ቆፍረው ዝናብ በተናቸው። መርዳሳ «ነገ በጠዋት» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ንጋት ላይ ላሚቱ ሞተች። ከብት ጨው ፍለጋ ግድግዳ ይልስ የለም? ከፈረሰው የቀረ ፍርፋሪ ከቤታችን ጀርባ ነበር፣ እሱን ልሳ ነው። ስትንቀጠቀጥ፣ ለሀጯ ሲወርድ አይቻታለሁ። ከእናቴና ከእኔ በቀር ያየ የለም።

ሰዎቹ ዶማና ጆንያቸውን ይዘው ወደ ጉብታው ሲያልፉ አዩዋትና ቢላ የያዘ ቆዳዋን ሊገፍ ቀረብ አለ። እናቴ ላሚቱን አየች። ቀና ብላ ጉብታውን አየች። ከዚያ ሮጣ ከምድጃው አመድ አምጥታ አፍንጫዋ ላይ በተነችባት።

«ማንም እንዳይነካት!» ብላ ጮኸች። «አባ ሰንጋ ነው!»

ክው አልኩ። እናቴ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም፣ እትዬ። ሰዎቹ ግን ወደ ኋላ ሸሹ። አባ ሰንጋ የገደለው ከብት የተቀበረበትን መሬት እዚህ አገር ማንም አይቆፍርም። አባት ለልጁ ያሳየዋል፣ ልጅም ለልጁ።

«እዚያ ጉብታ ላይ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎትቱልኝና ልቅበራት» አለች እናቴ። «ከሰው የራቀው እሱ ነው።»

መርዳሳ ሳቀ። «ብልጥ ሴት ነሽ። ባለፈው ግድግዳ ነበር ገዳዩ፣ ዛሬ አባ ሰንጋ ሆነ?»

ሰው ሁሉ አመነታ። ያን ጊዜ ጓድ ወዬሳ ወደ እኔ ዞረ። «ይቺን ልጅ ጠይቋት» አለ። «ከተወለደች ቃል ሲወጣት አልሰማሁም። ወሬ የማያውቅ አፍ ውሸት አያውቅም። ሙሉብርሃን፣ አባ ሰንጋ ደም ያስወጣል፤ ላሚቱ ደም ወጥቷታል?»

ሁሉም አዩኝ። እናቴ አላየችኝም፤ መሬት መሬት ነበር የምታየው። ብታየኝ ኖሮ ምናልባት መናገር አልችልም ነበር።

«ወጥቷታል» አልኩ። «በአፍንጫዋ። ጥቁር ደም ነው። አልረጋም።»

ድምፄ ከግራሮቹ ማዶ ደረሰ። የማን ድምፅ እንደሆነ ለማየት እኔው ራሴ ልዞር ነበር።

መርዳሳ ጆንያውን ጥሎ ነው የሄደው። በረጅም ገመድ ጎትተው፣ አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ጉድጓዱ ላይ ቀበሯት። ድንጋይ ከመሩበት፣ እሾህ ደረደሩበት።

ላሚቱ አንድ ነበረች፣ ይህን ያውቃሉ። ቅቤዎ ቀርቷል። አባ ሰንጋው እንዳይጋባባቸው ብለው ግቢያችንንም በእሾህ አጠሩት። እሳት ከእኛ የሚጭር፣ ውሃ የሚቀዳልን የለም። እናቴን ከሊቀመንበርነት አወረዷት፤ መሰለች ተተካች። ሀጂራ ብቻ ማታ ማታ ከአጥሩ ማዶ ተቀምጣ ታወራናለች። ለእሷም አልነገርናትም። ሳወራት ፊቷን ማየት ያቅተኛል። ውሸት እንዲህ እንደሚቀል ማንም አልነገረኝም ነበር፣ ከዚያ በኋላ እንዲህ እንደሚከብድም።

ጓድ ወዬሳ ትናንት ብቻውን መጣ። አጥሩ ጋ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከብት አርቢ ነኝ እኮ» አለኝ። «የላሚቱን አፍንጫ ከነአመዱ አይቼዋለሁ። ደረቅ ነበር።» ከመንገዱ ዳር አንድ የግራር ቅርንጫፍ ጎትቶ ወደ ጉብታው ይዞ ወጣና ከእሾሁ ላይ ጨመረው።

ዛሬ ጠዋት ካሣ አጥሩ ሥር ቆሞ በመንገድ የሚያልፉትን ልጆች «ኑ!» ብሎ ጠራ። እናታቸው እጃቸውን ጎትታ አሳለፈቻቸው። ቀኝ እጁ አሁንም ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ በዚያው እጁ አጥሩን ይዞ ቀረ። «ለምን አይመጡም?» አለኝ።

እናቴ እያነከሰች መጥታ ትከሻዋ ላይ አወጣችው። ከዚያ ሆኖ ማዋያው ይታያል። ልጆቹ ቀዩን ግድግዳ እየዞሩ ይሯሯጡ ነበር።

«ስንት ናቸው?» አለችው።

ካሣ መቁጠር አያውቅም።

«ሁሉም» አላት።

ሙሉብርሃን